ቁም ሣጥኗና ማንቆርቆሪያዋ

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ልጄ ከሥራ መልስ አንድ ትልቅ የካርቶን ማኅደር ይዛ መጣች። ማኅደሩን ከዝናቡ ልታድነው በፕላስቲክ ጠቅልላዋለች፤ እሷ ራሷ ግን በስብሳለች። «መጀመሪያ ራስሽን አትጠቀልዪም?» አልኳት። ሳቀች። ውስጡ አርባ ስድስት ገጽ ሥዕል አለ። ስለ ልጅነቷ የሣለችው የካርቱን መጽሐፍ ነው አለችኝ። የአርባ አራት ዓመት ሴት፣ ካርቱን! ዝም አልኩ። ዝም ማለት የቻልኩባቸው ቀናት ጥቂት ስለሆኑ ይህንን እመዘግበዋለሁ።

የፈለገችው የእጅ ጽሕፈቴን ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በሚወጣ ክብ ነገር ውስጥ ይጻፋል፤ ፊኛ ትለዋለች። ፊኛዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። የሚጻፈውን በሌላ ወረቀት አዘጋጅታ ሰጥታኛለች፤ እኔ በብዕር እገለብጠዋለሁ።

«ኮምፒውተር የለም እንዴ?»

«የኮምፒውተር ፊደል አይፈራም፣ እማዬ። እኔ የሚፈራ ፊደል ነው የምፈልገው።»

«የእኔ ፊደል ይፈራል?»

«የአንቺማ ሁለቱንም ይችላል፤ ይፈራልም፣ ያስፈራልም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ጽሕፈት ክፍል የተማሪዎችን ምስክር ወረቀት በእጄ ጽፌያለሁ። ተሳስተሻል ተብሎ የተመለሰብኝ አንድም የለም። ስለዚህ ተስማማሁ። ማተሚያ ቤቱ የሚረከበው ነሐሴ 20፣ ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። አታስቸኩዪኝ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። ቅጂ እንደሌለውም ነግራኛለች፤ ያለው ይኸው ብቻ ነው። ማኅደሩን የት ባስቀምጠው እንደሚሻል ስወስን አመሸሁ።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ከገጽ 1 እስከ 3። ልጅቷ ጭንቅላቷ ማንቆርቆሪያ ነው። ስትፈራ ክዳኗ ይንቀጠቀጥና ታፏጫለች፤ ጎረቤት ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። እናትየው ቁም ሣጥን ናት። በአራት አጫጭር እግሮች ትሄዳለች፤ ግንባሯ ላይ ሰዓት አለ። በሮቿ ሲከፈቱ ከውስጥ እጆች ይወጣሉ፤ አንዱ ማስመሪያ፣ አንዱ ማበጠሪያ፣ አንዱ የትኩሳት መለኪያ ይዟል።

ደወልኩላት።

«ይህቺ ቁም ሣጥን ማናት?»

«እናት ናት።»

«የማን?»

«የማንቆርቆሪያዋ» አለች።

እንጨቱ ጥሩ እንጨት ነው። ያንን አልክድም።

ቤታቸው በር ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ይታያል፦ መብራት፣ ውኃ፣ ምድጃ፣ መስኮት፣ በር። ይህ እውነት ነው። ዛሬም በሬ ላይ አለ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሊኖረው የሚገባ ነገር በካርቱን የሚያስቅበት ምክንያት አልገባኝም።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

የብዕር ጫፍ ልገዛ ወጣሁ። ምድጃውን ማጥፋቴን ልይ ብዬ ከመንገዱ ማዕዘን ተመለስኩ፤ ጠፍቷል። እንደገና ተመለስኩ፤ ጠፍቷል። ሦስተኛው ለምድጃው አይደለም፣ ዣንጥላዬን ረስቼ ነው። ዣንጥላው እጄ ላይ መሆኑን ያየሁት በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው። ስደርስ ሱቁ ተዘግቷል።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ገጽ 7። ማንቆርቆሪያዋ ላጲስ ዋጠች። ቁም ሣጥኗ «ላጲስ የዋጠ ልጅ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠፋል» ትላታለች። በሚቀጥለው ገጽ ሐኪሙ ራጅ ሲያነሣት ፊልሙ ባዶ ነው፤ አንጀት የለ፣ ጉበት የለ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ የሒሳብ ደብተር ብቻ ተቀምጣለች። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «የቤት ሥራሽን ግን ሠርተሻል» ይላታል።

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ያልኩት «ላጲስ አይበላም» ነው።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ እግሯ እስኪያርፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አንብባ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እትዬ፣ ብለሻል እኮ! የእኔ ልጅ ቁልፍ ሲውጥ ‹ከእንግዲህ ሆድህን የፈለገ ሰው ይከፍተዋል› ብለሽው ሳምንት ሙሉ በሆዱ ተደፍቶ አልተኛም?»

«አላስታውስም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለችና ሳቋን ቀጠለች። ቀለሙን ልትደፋብኝ ነበር።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ገጽ 12። ማንቆርቆሪያዋ ከቤት ስትወጣ የበሩን እጀታ ዘጠኝ ጊዜ መንካት አለባት፤ አለዚያ ቤቱ ይተንና ደመና ይሆናል። ስምንተኛው ላይ ጎረቤት ያስነጥሳል፤ ከአንድ ትጀምራለች። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ስትደርስ የክፍሏ ልጆች ጢም አብቅለው እየተመረቁ ነው።

መሳቄን አልደብቅም። ግን በእኔ ቤት በር ዘጠኝ ጊዜ የሚነካ ልጅ አልነበረም። ብታደርገው አየው ነበር። እኔ የማይታየኝ ነገር የለም።

ዛሬ ያለቁትን ገጾች ልታይ መጥታ ነበር። ፊደሎቹን በጣቷ ሳትነካ ተከተለቻቸው። «እንዴት ያምራሉ» አለች። ስትወጣ ደረጃው ላይ በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ስታወራ ሰማሁ፦ «አይ፣ እስካሁን ደህና ነን… ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ እናያለን… እፈራለሁ እንጂ፣ እንዴት አልፈራም።»

በር ሥር ቆሜ የሰው ወሬ የማዳምጥ ሰው አይደለሁም። በሩ መቆለፉን እያየሁ ነበር።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል እንጂ ዘልዬ ሠርቼ አላውቅም። ዛሬ ዘለልኩ።

ገጽ 31 የትምህርት ቤት ኮሪደር ነው። ማንቆርቆሪያዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቁም ሣጥኗ «እስክመጣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ብላት ሄዳለች። ልጅቷ አልተነቃነቀችም። ከጫማዋ በታች ሥር ወጥቶ ወለሉን ሰንጥቋል። አፏ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ሸረሪት ሹራብ ሠርታ አልብሳታለች። ዘበኛው ያረጃል፣ የልጅ ልጁ ይተካል፣ እሱም ያረጃል። ሰዓቶቹ ከግድግዳ ወርደው አግዳሚው ሥር ተደብቀዋል። ከሥዕሉ በታች የሚጻፈው፦ «ማንቆርቆሪያዋ ሦስት መቶ ዓመት ተቀመጠች።»

ገጽ 32። ቁም ሣጥኗ በኮሪደሩ ጫፍ ትመጣለች። በሮቿ ውኃ ያንጠባጥባሉ። አንድ ፊኛ አላት። ለዚያች ፊኛ የሚጻፍ ቃል ፈልጌ የልጄን ወረቀት ገለበጥኩ። የጻፈችው ይህን ነው፦ «እዚህ ላይ ምን እንዳልሽኝ አላስታውስም። አንቺ ሙዪው።»

ሃያ ደቂቃ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ገጽ 31 ተጽፏል። አንድ ነገር አስተካክያለሁ። 32ን ዘልዬዋለሁ፤ ብርሃኑ አልተመቸኝም።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

በእርጋታ ልጻፈው።

ከቀትር በኋላ መጣች። ገጾቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ፊቷ ብሩህ ነበር። ሠላሳ አንድ ላይ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማስተካከያ።»

«‹ማንቆርቆሪያዋ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች› ይላል።»

«ሦስት መቶ ዓመት የተቀመጠ ሰው የለም።»

«ጭንቅላቱ ማንቆርቆሪያ የሆነ ሰውስ አለ?»

«ሥዕሉ የአንቺ ነው፤ ሰዓቱ ግን የእኔ ነው» አልኳት። ከአፌ እንደወጣ ክፉ ቃል መሆኑ ተሰማኝ። አላነሣሁትም።

«እማዬ፣ ጨልሞ ነበር።»

«ደመና ነበር።»

«መብራት በርቶ ነበር። ዘበኛው ዳቦውን ከፍሎ ሰጥቶኛል። ቀሚሴ ላይ ሸንቼ ደርቆልኛል። አንቺ ሃያ ደቂቃ ነው ስትዪ ምን ብዬ እንዳመንኩ ታውቂያለሽ? ሰዓት የማይገባት ደደብ ልጅ ነኝ ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ሰዓት አላስርም። አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም ነበር።

ገጾቹን ሰበሰበች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። 31ንና 32ን ገበታው ላይ ተወቻቸው። «እነዚህ ይቅሩ፤ ቆርጬ አወጣቸዋለሁ። የቀረውን በኮምፒውተር አስጽፈዋለሁ» አለች።

«ያለ እነሱ መጽሐፉ መሐሉ ይጎድላል።»

«አዎ» አለች።

ወጥታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ እጀታው ሲነካ ከውስጥ ሰማሁ። ሳልፈልግ ቆጠርኩ። ዘጠኝ።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

አልደወለችም።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

አልደወለችም። ስልኩ አልተበላሸም፤ ነርሷ ከታች እየደወለች እንድትሞክርልኝ አድርጌያለሁ። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው «ኧረ እትዬ፣ ይሠራል አልኩሽ!» ብላ ዘጋችው።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ከንጋት በፊት ነቃሁ። ምድጃ፣ መስኮት፣ በር። ተመልሼ ተኛሁ። እንደገና።

የጽሕፈት መምህርታችን «አንዴ ያየ አላየም» ይሉ ነበር። ሦስቴ ሳናይ ደብተር ያስረከብን እንደሆነ ገጹን ቀደው ይመልሱልናል። አንድ ቀን አንዲት ፊደል ከመስመር በታች ወርዳብኝ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ቀረሁ። እስኪመሽ መቶ ጊዜ ጻፍኳት። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ እንጂ ለመግባት አልደፈረችም። ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል አልወረደችብኝም። ለመምህርቴ ምስጋና እንጂ ቅሬታ የለኝም።

ይህን አሁን ምን አስታወሰኝ?

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። እሷ ትደውል እንጂ! እኔ እናቷ ነኝ።

ነርሷ የወገቧን መቀነቻ እንዳስርላት መጣችና ሁለቱን ገጾች ገበታው ላይ አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አየች። ዛሬ አልሳቀችም።

«ይቺማ ያቺ ቀን ናት» አለች። «ማታ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ልጅቱን ትኩሳት ይዟት የጠራሽኝ ቀን።»

«ዝናብ መትቷት ነው።»

«ኮሪደር ውስጥ ምን ዝናብ አለ? እኔ ያን ሳምንት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ቀን ቤት ነኝ። መስኮቴ ላይ ሆኜ አይሽ ነበር። እስከ ማዕዘኑ ትሄጃለሽ፣ ትመለሻለሽ፤ ትሄጃለሽ፣ ትመለሻለሽ። ምስኪን፣ አንድ ነገር ጠፍቷታል አልኩ።»

«ቁልፍ ነበር።»

«አሥር ጊዜ?»

«አሥራ አንድ» አልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው እንዲህ ነው የሚያዘው። ሰው ቁጥር ሲያበላሽ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ነርሷ መቀነቻዋን ራሷ አስራ ወጣች። በሩ ላይ ዘወር ብላ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ አንቺን አልመሰለኝም ነበር» አለች። በቀልድ ነው ያለችው። በቀልድ መሰለኝ።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

ስለ ራሴ ለመጻፍ ይህን ያህል ቀለም አባክኜ አላውቅም። ልጻፈውና ይለይልኝ።

አባቷ በሞተ በዓመቱ ነበር። የፈተና ሰሞን ስለሆነ ትምህርት ቤቱ በግማሽ ቀን ተለቀቀ። ቢሮዬን ስቆልፍ የጠዋቱን ምድጃ ማጥፋቴን ለማስታወስ ሞከርኩ። እጄ ማዞሪያው ላይ ሆኖ ታየኝ፤ ግን የዚያ ቀን እጄ ይሁን የትናንት አላወቅሁም። ልጅቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ «እስክመጣ እንዳትነቃነቂ» ብያት ሮጥኩ። ሰባት ሰዓት ነበር።

ምድጃው ጠፍቷል። በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ቆልፌ ወጣሁ። ማዕዘኑ ላይ ስደርስ «ስትነኪው ከፍተሽው ቢሆንስ?» የሚል መጣብኝ። ተመለስኩ። ጠፍቷል። ማዕዘኑ ላይ እንደገና። ጮክ ብዬ «ጠፍቷል» እያልኩ ሄድኩ፤ ማዕዘኑ ላይ ድምፄን አላመንኩትም። ልጄ ብቻዋን መሆኗን አውቃለሁ። በእያንዳንዱ መመለስ አውቀው ነበር። ይህ የመጨረሻው ነው እያልኩ አሥራ አንድ ጊዜ ተመለስኩ። ቤቱ ቢቃጠል ልጄ የምትገባበት አይኖራትም እያልኩ፣ ልጄን ኮሪደር ላይ ጣልኳት።

ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ደመናው ወርዶ እንደ ምሽት ጨልሟል። ቦታዋ ላይ ናት። አልተነቃነቀችም። እኔን ስታይ እንኳ አልተነሣችም፤ ተነሺ እስክላት ጠበቀች።

ያን ጊዜ ያልኳት «ሃያ ደቂቃ አይሞላም» ነው።

ልጄ የረሳችው ቃል ይህ ነው። እኔ አልረሳሁትም።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

በአዲስ ምላጭ «ሃያ ደቂቃ»ን ፋቅሁ። የጠነከረ ወረቀት ቀለምን በቀስታ ከፋቁት ይለቃል፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ካላሹት አዲሱ ቀለም ይሰራጫል። ሌሎች ላበላሹት ምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ወረቀቱ ሳስቷል፣ ግን አልተቀደደም።

«ማንቆርቆሪያዋ ሦስት መቶ ዓመት ተቀመጠች።»

«ዓመት» ከመስመር በታች ወርዳለች። ተውኳት።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

32ን ሞላሁ። ቀለሙ እንደደረቀ ደወልኩላት። «ነይ» ብቻ አልኩ። መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አነበበች። የቁም ሣጥኗ ፊኛ እንዲህ ይላል፦

«ምድጃውን ሳይ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ።»

«እንዲህ ብለሽኝ ነበር?» አለች።

«አላልኩሽም። ሃያ ደቂቃ አይሞላም ነው ያልኩሽ። ውሸቴን ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ቆይቻለሁ።»

ያላልኩትን ቃል እንዳልኩት አድርጌ ስጽፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እሱንም ነገርኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አራት ሰዓት ተኩል» አለች፣ ለራሷ፣ አንድ ዕቃ በእጇ እንደምትመዝን ሰው። ከዚያ «አሥራ አንድ?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ ዘጠኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰምቼሻለሁ።»

«መቼ?»

«ተቆጥተሽ የሄድሽ ቀን። ከበሩ ውስጥ ሆኜ ስቆጥር።»

አፏን በእጇ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ተነሣሁ፤ እየሳቀች ነበር። ከዚያ አለቀሰች። የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አላየሁም፤ የእኔም መነጽር አልጠራም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ? እኔ ብቻዬን ያበድኩ መስሎኝ…»

«አንቺ አላበድሽም።»

«አንቺስ?»

«ሻይ ላፍላ» አልኩ። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ሁለታችንም እሳቱ አጠገብ ቆምን። ሳጠፋው አየችኝ። ማጥፋቴን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ገጾቹን መልሳልኛለች። አሥራ አራት ይቀራሉ። አምስት ቀን። ነርሷ ምሳ እያመጣች በሩ ላይ ትተወዋለች፤ «ቀለም ውስጥ እንዳትነክሪው» ትላለች። ገጽ 40 ላይ የቤቱ ደረጃዎች ጥርስ አብቅለው ሲነቀልላቸው ይታያል። ሳቅሁ። ጊዜ የለም።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ

45። ጣቴ አብጧል። ነገ አንድ ገጽ።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

ሌሊቱን እኔ ዘንድ አደረች። ጠዋት አርባ ስድስቱንም ገጾች አብረን ቆጥረን ማኅደሩ ውስጥ ከተትን። ብቻዋን ልትሄድ ነበር፤ እኔ ግን በእጄ የጻፍኩትን ለማላውቀው ሰው በሌላ እጅ አልክም። ምድጃውን አጠፋሁ፣ እሷ በሩን ቆለፈች። እጀታውን ነካች። አልቆጠርኩም።

ማዕዘኑ ላይ ሁለታችንም ቆምን። ማንኛችን ቀድመን እንደቆምን አላውቅም።

«አጥፍተሽዋል?» አለች።

«አጥፍቻለሁ። ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ።»

ዝናቡ ፕላስቲኩ ላይ ያንኳኳል። ሰው በጎናችን ያልፋል። እግሬ ወደፊት አልሄድ አለኝ፤ የእሷም እንዲሁ።

«አንዴ ብቻ፣ እማዬ» አለች። «አብረን።»

አንዴ ያየ አላየም ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ተመለስን። በሩ ተቆልፏል። ምድጃው ጠፍቷል። እሷም ነካችው፣ እኔም ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። እጄን ይዛ አወጣችኝ። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ያዘችኝ፣ እኔም ያዝኳት፤ ማዕዘኑን አለፍነው።

ማተሚያ ቤት ስንደርስ ሰውየው ማኅደሩን ተቀብሎ «ዘገያችሁ» አለን።

«ሃያ ደቂቃ» አልኩት።

ልጄ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። አየችና ቆጠረች።

«ልክ ናት» አለችው።